«ያድግበታል» የብስክሌት ቁጥር አይደለም

ለልጅ ዕቃ የሚገዛ ወላጅ ሁሉ የሚመራበት አንድ ያልተጻፈ ደንብ አለ፤ «ያድግበታል» ይባላል። ዩኒፎርም ሲሰፋ እጅጌው ሁለት ጣት እንዲረዝም ይታዘዛል። ጫማ ሲገዛ ከአውራ ጣቱ ፊት ለከርሞ የሚሆን ቦታ ይተዋል። ኑሮ በተወደደበት ከተማ ይህ ብልሃት እንጂ ነውር አይደለም። እጅጌ ይጠቀለላል፣ የሱሪ ጫፍ ይታጠፋል፣ የሰፋ ጫማ አፍንጫው ላይ ጥጥ ይወተፍበታል። ብስክሌት ግን አይጠቀለልም፣ አይታጠፍም፣ ጥጥም አይወተፍበትም።

ችግሩ ይህ ደንብ ከልብስ ተራ ተነስቶ ብስክሌት መደብር ድረስ መዝለቁ ነው። ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ «አንደኛ ከወጣህ ብስክሌት እገዛልሃለሁ» ያለ አባት ቃሉን ሊያከብር ገበያ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ልጁን ቤት ትቶ ነው የሚሄደው፤ ስጦታው ድንገተኛ እንዲሆን ይፈልጋልና። ሻጩ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ዕድሜው ስንት ነው?» አባትም «ስምንት ነው፤ ግን ቶሎ ቶሎ እያደገ ነው፤ ትልቁን አምጣው» ይላል። ባለ 26 ማውንቴን ባይክ ታክሲ ላይ ይጫናል። ሻጩ ሸጧል፣ ገዢው ገዝቷል፤ ልጁ ግን የሚነዳው ብስክሌት የለውም።

ይህ ግብይት ቁጠባ ይምሰል እንጂ ኪሳራ ነው። የሚከስረውም ወላጁ ብቻ ሳይሆን ነጋዴውም ጭምር ነው።

ቁጥሩ የምን ቁጥር ነው?

በብስክሌት ገበያ ሁለት ዓይነት ቁጥሮች አሉ፤ ሻጭም ገዢም ያደባልቋቸዋል። የልጆች ብስክሌት የሚጠራው በጎማው ስፋት ነው፤ 12፣ 14፣ 16፣ 18፣ 20 እና 24 እየተባለ በኢንች ይቆጠራል። አንዱ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። ጎማው ጎን ላይ «24 × 1.95» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ የመጀመሪያው ቁጥር ከዳር እስከ ዳር ያለው ልክ ሲሆን፣ ሁለተኛው የጎማው ውፍረት ነው። የአዋቂ ማውንቴን ባይክ ግን ከጎማው ሌላ የቴላዮው ቁጥርም አለው። ባለ 26 ጎማ ሆኖ ቴላዮው 14 ኢንች የሆነ ብስክሌት አለ፤ ባለ 26 ጎማ ሆኖ ቴላዮው 18 ኢንች የሆነም አለ። የመጀመሪያው ቁመቱ 150 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልጅ ሊነዳው ይችላል፤ ሁለተኛው ለአባትየው እንጂ ለልጁ አይሆንም። ስለዚህ «26 ስጠኝ» ብሎ መግዛት ግማሽ ቁጥር ይዞ መግዛት ነው።

በግምት ሲታይ ባለ 20 ኢንች ጎማ ቁመቱ ከ115 እስከ 135 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ልጅ ይስማማል። ባለ 24 ከ130 እስከ 150 ላለው ነው። ባለ 26 ትንሽ ቴላዮ ካለው ከ145 ወይም ከ150 ጀምሮ ያገለግላል። ከፋብሪካ ፋብሪካ መጠነኛ ልዩነት አለ፤ ያም ሆኖ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እዚህ ዝርዝር ውስጥ ዕድሜ አለመጠቀሱ ልብ ሊባል ይገባል። የስምንት ዓመት ልጅ 120 ሴንቲ ሜትርም ሊሆን ይችላል፣ 135ም ሊሆን ይችላል። በዕድሜ የሚሸጥ ነጋዴ በግምት የሚሸጥ ነጋዴ ነው።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው ብስክሌትም ከዚህ አያመልጥም። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ደውሎ «ስንት ዓመት ሞላው?» የሚለው አጎት «ቁመቱ ስንት ደረሰ?» ብሎ ቢጠይቅ ስጦታው በታሰበለት ልጅ እግር ስር ይውል ነበር።

የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል

ትክክለኛውን ልክ ለማግኘት የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትርና አንድ ሽፋነ ጠንካራ መጽሐፍ ነው። ልጁ ጫማውን አውልቆ ጀርባውን ግድግዳ ያስደግፍና እግሮቹን ትንሽ ከፈት አድርጎ ይቆማል። መጽሐፉ በእግሮቹ መካከል ገብቶ ብሽሽቱን እስኪነካ ወደ ላይ ይገፋል። ከወለሉ እስከ መጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ ያለው ርዝመት የልጁ የእግር ልክ ነው። ከጠቅላላው ቁመት ይልቅ ይህ ልክ ይበልጥ ያዋጣል፤ ቁመታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ልጆች አንዱ እግረ ረጅም፣ ሌላው ወገበ ረጅም ሊሆን ይችላልና።

ከዚህ በኋላ ብስክሌቱ ይፈተናል። ልጁ ጫማውን አድርጎ፣ አግዳሚውን ብረት በሁለት እግሮቹ መካከል አድርጎ ሲቆም በብረቱና በብሽሽቱ መካከል ቢያንስ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ኮብልስቶንና ኮረኮንች ላይ ለሚነዳ ልጅ ክፍተቱ ከዚያም ቢሰፋ ይመረጣል። ድንገት ከመቀመጫው ወደ ፊት ቢንሸራተት ብረቱ የት እንደሚመታው ለማንም ግልጽ ነው።

ቀጥሎ መቀመጫው ይታያል። ገና የሚለማመድ ልጅ ተቀምጦ ሁለቱን እግሮቹን መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ ማሳረፍ መቻል አለበት። መንዳት ለለመደው የእግሩ ጣቶች መሬት ቢነኩ ይበቃል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዙን ቢያሳርፍበት ጉልበቱ መዘርጋት፣ በተለመደው አረጋገጥ በእግሩ ፊት ሲረግጠው ደግሞ ጉልበቱ ትንሽ መታጠፍ አለበት። መሪውን ሲይዝ ክንዱ እንደ ገመድ ከተወጠረ ብስክሌቱ ረዝሞበታል፤ ሲጠመዝዝ መሪው ጉልበቱን ከመታው አጥሮበታል።

ቁልቁለቱ አይምርም

አዲስ አበባ ሜዳ አይደለችም። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ ልክ ያልሆነ ብስክሌት ልጁን ያደክመው ይሆናል፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወርደው መንገድ ላይ ግን ጉዳዩ ከድካም ያልፋል። እዚያ የልጁን ሕይወት የሚይዘው ፍሬን ነው። ትልቅ ብስክሌት ላይ የፍሬኑ መያዣ የተሠራው ለአዋቂ እጅ ነው፤ የልጅ ጣት አይደርስበትም፣ ቢደርስም ጨብጦ ለመሳብ አቅም ያጣል። በብዙዎቹ መያዣዎች ላይ ወደ መሪው የሚያስጠጋ ትንሽ ብሎን አለ። መካኒኩ በደቂቃ ውስጥ ያስተካክለዋል፤ ነገር ግን ጠያቂ ከሌለ አይነካውም።

ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነው። ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ብስክሌት በልጆች ዓይን ይወደዳል። በርካሽ የተሠራው ዓይነት ግን 14 ኪሎ ገደማ ሊመዝን ይችላል። 25 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ ከክብደቱ ግማሽ በላይ ነው። ሞላውም የተሠራው ለከባድ ሰው ከሆነ በልጁ ክብደት አይሰምጥም፤ ዳገት ላይ የሚገፋ ሸክም ሆኖ ይቀራል። ለልጅ ሞላ የሌለው፣ ቀለል ያለ፣ ማርሹ ጥቂት የሆነ ብስክሌት ይሻለዋል። ለሞላው የሚከፈለው ገንዘብ ሄልሜት ቢገዛበት የተሻለ ሥራ ይሠራል።

የሦስት ዓመት ሒሳብ

እዚህ ላይ ወላጁ የሚያነሳው መከራከሪያ አለ፤ ተገቢም ነው። «ልጅ በየዓመቱ ያድጋል። በየዓመቱ ብስክሌት ልገዛለት ነው?» ይላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር የነበረው ዋጋ ከግማሽ በላይ ወርዷል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ወዴት እንደሄደ ነጋዴውም ሸማቹም ያውቀዋል። ነገር ግን ብስክሌቱ በተወደደ ቁጥር ስህተቱም አብሮ ይወደዳል።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ከስድስት ዓመት እስከ ጉርምስና ዋዜማ ድረስ ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ባለ 24 ብስክሌት ከ130 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ያገለግላል ከተባለ፣ በ132 ላይ የጀመረ ልጅ ሦስት ዓመት ያህል ይነዳዋል። በ120 ላይ ሳለ የተገዛለት ልጅ ግን ለመጀመር ብቻ ሁለት ዓመት ገደማ ይጠብቃል። እነዚያን ሁለት ዓመታት ብስክሌቱ በረንዳ ላይ ይከርማል፤ ጎማው በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ካቴናው በዝናብ ይዝጋል። አለዚያም ልጁ በግድ ይወጣበትና ይወድቃል፣ ቸርኬው ይጣመማል፣ ልጁም ብስክሌት ይጠላል።

ለምሳሌ ያህል በልኩ የተገዛው 15 ሺህ ብር ወጥቶበት፣ ሦስት ዓመት ተነድቶ በ9 ሺህ ብር ቢሸጥ፣ የአንዱ ዓመት ወጪ 2 ሺህ ብር ነው። ያለልኩ የተገዛው 18 ሺህ ብር ወጥቶበት፣ ሁለት ዓመት ቆሞ፣ ዝጎና ተጋጭቶ በ9 ሺህ ብር ቢሸጥ፣ 9 ሺህ ብር የተከፈለው ለማንም አገልግሎት አይደለም። ዋጋው ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ የሒሳቡ መልክ ግን አይለወጥም።

«ያድግበታል» የሚለው ደንብ ፈጽሞ ይጣል ማለትም አይደለም። ቦታው ሌላ ነው። ልጁ በሁለት ቁጥሮች መካከል ከሆነ፣ ለምሳሌ 133 ሴንቲ ሜትር ከደረሰና ባለ 24ቱ ላይ መቀመጫው ዝቅ ተደርጎ እግሩ መሬት ከነካ፣ ፍሬኑንም ከጨበጠ፣ ትልቁ ይገዛ። ከመግዛት በፊት ግን የመቀመጫው ዘንግ ምን ያህል ወደ ላይ እንደሚሳብ ማየት ያስፈልጋል። ዘንጉ ላይ የተቀረጸ መስመር አለ፤ ከዚያ በላይ መውጣት የለበትም። እስከዚያ መስመር ያለው ርዝመት የልጁ የዕድገት ቦታ ነው። በአንድ ቁጥር ውስጥ ማደግ ብልሃት ነው፤ ሁለት ቁጥር ዘሎ መግዛት ግን ቁማር ነው።

ነጋዴው ምን ያገኛል?

አንዳንድ ነጋዴ «ገዢው የጠየቀውን መስጠት ነው፤ ሌላው የኔ ጉዳይ አይደለም» ይል ይሆናል። አርቆ ለሚያይ ግን ጉዳዩ የራሱ ነው። ባለ 26 በአንድ ጊዜ የተሸጠለት ልጅ አንድ ደንበኛ ነው። ከባለ 16 ጀምሮ በ20 እና በ24 አልፎ 26 የሚደርስ ልጅ አራት ሽያጭ ነው። በየመካከሉም ካላማዳሪ፣ የፍሬን ጎማና ካቴና ይገዛል፤ ታናሽ ወንድምና እህት ካሉትም ቤተሰቡ ሁሉ የመደብሩ ደንበኛ ይሆናል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ዕቃ ሲታዘዝ ማመጣጠን ነው። ባለ 20 እና ባለ 26 ደርድሮ ባለ 24 የሌለው መደብር፣ የአሥር ዓመቱን ልጅ ወይ ወደ ትንሹ ይመልሰዋል ወይ ወደ ትልቁ ይገፋዋል። ሁለተኛው ልዋጭ ነው። ከተማው ልዋጭን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ብረትና ጫማ በሳህን የሚለወጥበት ንግድ ብስክሌት ላይ የማይሠራበት ምክንያት የለም። ያጠረበትን ባለ 20 ተቀብሎ፣ ጠግኖ፣ በጭማሪ ባለ 24 የሚሰጥ መደብር ሁለት ጊዜ ያተርፋል። ደላላውም ቢሆን የቆመ ብስክሌት ያለበትን ቤትና ብስክሌት የሚፈልገውን ቤት ቢያገናኝ ኮሚሽኑ የታወቀ ነው።

ሦስተኛው የመለዋወጫ ዕውቀት ነው። ባለ 26 የሚባል ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም። የማውንቴን ባይኩ ጎማ ላይ 559 የሚል ቁጥር ይገኛል፤ በአንዳንድ የቀድሞ የመንገድ ብስክሌቶች ላይ የሚገባው «26» ግን 590 ነው፤ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይቀመጥም። ባለ 20ው የልጆች ማውንቴን ባይክ 406፣ ባለ 24ቱ 507 ነው። ይህን ሦስት አኃዝ የሚያነብ ሻጭ ገዢውን ሁለቴ አያመላልስም።

አራተኛው አገጣጠም ነው። ብስክሌቱ በካርቶን ይመጣል፤ የሚገጥመው ወጣት ከቸኮለ የፊቱን ሹካ ወደ ኋላ አዙሮ ያስራል፤ የግራው ፔዳል ጥርሱ በተቃራኒ እንደሚጠብቅ ካላወቀም በግድ አስገብቶ ያበላሸዋል። በጥድፊያ የታሰረ ብሎን በቁልቁለት ይፈታል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደተባለው ማለት ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት በአንዳንድ ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። መስመሩ ነጂ ይፈልጋል፤ የነገው ነጂ ደግሞ ዛሬ በልኩ ብስክሌት ያገኘው ልጅ ነው። መደብሩ በር ላይ ሜትር ይሰቀል፤ ወላጁ ልጁን ይዞ ይምጣ፤ ልጁ ወጥቶበት፣ ፍሬኑን ጨብጦ፣ እግሩን መሬት አሳርፎ ከታየ በኋላ ሒሳብ ይከፈል። ድንገተኛው ስጦታ ቢቀር ጉዳት የለውም፤ ልጁ ፍሬኑን ጨብጦ ቢቆም ይበልጣል።