ትንበያ ወይስ ምኞት?

ዋንጫ ሲደርስ ቡሌ ውስጥ የማይተነብይ ሰው የለም። ሻይ ቤት ገብታችሁ «ዘንድሮ ማን ይበላል?» ብትሉ፣ ብርዱን የሚያስረሳ ክርክር ይነሳል። እኔም እገምታለሁ፤ ክፋት የለውም። ክፋቱ ምኞትን ትንበያ ብሎ መጥራት ነው።

በ2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቁ። በጎደሎ ተጫዋች ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ሲለያዩ የደጋፊው ተስፋ ሰማይ ነካ። ከዚያ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፉን። ለፍጻሜ የደረሱትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው! የምድቡን ክብደት አስቀድሞ ያየ ስንቱ ነበር?

እኛ የነገ ጋዜጠኞች ነን። ስንገምት ምክንያታችንን እንጻፍ፤ ስንሳሳት ደግሞ «ተሳስቻለሁ» ብለን እንጻፍ። ብዕር ያነሳ ሰው ማሊያውን ለጊዜው ያውልቅ።