ለማስጀመሪያው ማዘዣ አለ፤ ለማቆሚያውስ?

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒቶችን በሰላም ለማቆም የሚያስችል ሕክምና ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

እናቴ ዲያዜፓም የጀመረችው በ2008 ዓ.ም.፣ በአባቴ አርባ ሰሞን ነው። እንቅልፍ እምቢ ብሏት ነበር። ሐኪሙ ባለ 5 ሚሊግራሟን ኪኒን ማታ ማታ አንድ እንድትውጥ አዘዙላት። ተኛች፤ እኛም አመሰገንን። ማዘዣው ሲያልቅ ሌላ ተጻፈ። አንዷ አልበቃ ስትል ሁለት ሆነች፤ ቆይቶ ጠዋትም አንድ ተጨመረች። ሰባት ዓመት ሙሉ «እስከ መቼ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከዋጠችው ውስጥ ያለ ማዘዣ የተገዛ አንድም ኪኒን የለም።

በ2015 ዓ.ም. ሌላ ሐኪም ካርዷን አገላብጠው ደነገጡ። «ይኼ ሱስ ያስይዛል፤ ከዛሬ ጀምሮ በቃ» ብለው ያለ ማዘዣ ሸኟት። እናቴ የሐኪም ቃል ታከብራለችና በዚያው ቀን አቆመች። ዲያዜፓም ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና መሰሉ። ከዚያ እጇ ይንቀጠቀጥ፣ ላብ ያጠምቃት፣ የበር ድምፅ እንኳ ያስበረግጋት ጀመር። በስምንተኛው ቀን ቡና እየቆላች ወደቀችና ተንዘፈዘፈች። ጎረቤት ክብሪት ጭሮ አስሸተታት። «የሚጥል በሽታ ነው» ያለም፣ ጠበል ያለም ነበር። ኪኒኑን ያነሳ ግን አልነበረም።

የሐኪሞቹንም የጤና ተቋሞቹንም ስም አልጠራም። ሁለቱም ክፉ አላሰቡም። የመጀመሪያው ሐኪም ለማስጀመር የሚያስፈልጋቸው ማዘዣ በእጃቸው ነበር። ሁለተኛው ግን እንዴት እንደሚቆም የሚመራቸው አንድ ገጽ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ አልነበረም። አገራችን እነዚህ መድኃኒቶች ያለ አግባብ እንዳይወሰዱ በልዩ ማዘዣ ትቆጣጠራለች፤ ደግ ነው። ነገር ግን ዓመታት የወሰደ ሰው ማዘዣው በአንድ ቀን ሲቋረጥበት፣ ቁጥጥሩ ራሱ አደጋ ይሆንበታል። የሚጎዳውም የታዘዘውን አክብሮ የሚያቆመው ሰው ነው።

እውቀቱ አዲስ አይደለም። ዲያዜፓም «ቫሊየም» ተብሎ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። በ1988 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ከ2 እስከ 4 ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ እንዲታዘዙ መክሮ ነበር። በኒውካስል ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተን ከ1982 እስከ 1994 ለማቆም የሚፈልጉ ሰዎችን የሚረዳ ክሊኒክ መርተዋል። በ2025 የአሜሪካ የሱስ ሕክምና ማኅበር ከሌሎች የሙያ ማኅበራት ጋር ያወጣው መመሪያ ደግሞ ቅነሳው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ እንዲጀመርና እንደ ታካሚው ሁኔታ እንዲስተካከል ይላል።

እናቴን ያዳነችው ይህችው ዘገምተኛ መንገድ ናት። አንዲት የአእምሮ ሐኪም መድኃኒቱን መልሰው አስጀመሯትና በአሥራ አራት ወር ቀስ ብለው አወጧት። በጠየቅንባቸው መድኃኒት ቤቶች ሁሉ ያገኘነው ባለ 5 ሚሊግራሙን ብቻ ስለነበር፣ ኪኒኑን በምላጭ አራት ቦታ የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። ከሦስት ኪኒን ላይ ሩብ ሲነሳ ከአሥራ ሁለት አንድ እጅ ነው፤ ሰውነት ይችለዋል። ግማሽ ኪኒን ላይ ሲደረስ ግን ያችው ሩብ የመጠኑ እኩሌታ ትሆናለች። በመጨረሻዎቹ ወራት ፍርፋሪ ስንለካ ከረምን።

ስለዚህ አራት ነገር እንጠይቃለን።

1ኛ፣ መድኃኒቱ እንዴት እየተቀነሰ እንደሚቆም የሚያሳይ አጭር መመሪያ ለጤና ተቋማት ሁሉ ይድረስ። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ታካሚ ማዘዣው በድንገት እንዳይቋረጥበት በግልጽ ይጻፍበት።

2ኛ፣ ሐኪም ሲያዝ የሚያበቃበትን ቀን አብሮ ይጻፍ። መድኃኒቱ በሚሰጥበት ፖስታ ላይም «ሐኪም ሳያማክሩ በድንገት አያቁሙ፤ ከመጠጥ ጋር አይውሰዱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ታካሚው በሚያነበው ቋንቋ ይታተም።

3ኛ፣ ሰው በምላጭ ፍርፋሪ እንዳይለካ አነስተኛ መጠን ያላቸው ኪኒኖች ወይም ጠብታ ይቅረቡ።

4ኛ፣ መድኃኒቱን የማስቆም አገልግሎት በአጠቃላይ ሆስፒታሎች ተመላላሽ ክፍል ይሰጥ። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ብዙ ወገን አድኗል፤ በሰፈራችን አፍ ግን «አማኑኤል ሄደች» ማለት «አበደች» ማለት ነው። እናቴ እዚያ እንሂድ ስላት አልቅሳለች። ሐዘን እንቅልፍ የነሳት ሴት ለሕክምናዋ ስሟን መክፈል የለባትም።

መድኃኒቱ ይከልከል አላልንም። የማያቆም መንቀጥቀጥ ይዞት ድንገተኛ ክፍል ለሚገባ ሕፃን ዲያዜፓም ሕይወት ያድናል። ይህን ደብዳቤ የምታነቡና ኪኒኑን የምትወስዱ ወገኖችም ደንግጣችሁ ዛሬ እንዳትጥሉት፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱና እንዴት እንደሚቀነስ ጠይቁ።

ክቡራን፣ ሐኪም ዘንድ ሄደው ሲጠይቁ መልስ እንዲያገኙ ማድረግ የእናንተ ሥራ ነው። ይህን መድኃኒት ማስጀመር የተፈቀደለት ተቋም ሁሉ በሰላም ማስቆምም ይቻለው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የአንዲት ታካሚ ልጅ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን