መሠረቱ ሳይደፈን፦ በላሊበላና በላስታ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ቁጥጥር ላይ የወጣ የአቋም መግለጫ

የማኅበራችን አባላት በላሊበላ ከተማና በላስታ ደጋ የምንሠራ የግንባታ ባለሙያዎች ነን። የሕንፃ ተቆጣጣሪ በመኖሪያ ቤት ሥራ ላይ ሊኖረው ስለሚገባው ድርሻ የያዝነውን አቋም እንደሚከተለው እንገልጻለን።

ቤተሰብ የዓመታት ጥሪቱን የሚያፈስሰው መሠረት ውስጥ ነው። መሠረቱ ተደፍኖ ፌሮው በአርማታ ከተሸፈነ በኋላ ጥፋቱ የሚታወቀው ግድግዳው ሲሰነጠቅ ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪ ቁፋሮው ክፍት ሳለ፣ አርማታ ከመሞላቱ በፊትና ጣሪያ ሲገጠም ቦታው ላይ መገኘት አለበት። ቀለም ከተቀባ በኋላ መጥቶ መፈረምን እንደ ቁጥጥር አንቆጥረውም።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ በምድብ «ሀ» በሚገኙት አነስተኛ ቤቶች ላይ የጣለው የባለሙያ ግዴታ ከሌሎቹ የቀለለ ነበር። አቅመ ደካማውን ከወጪ ማዳን ተገቢ ሐሳብ ነው፤ ሆኖም የእኛ አገር ሰው በብዛት የሚሠራው ይህንኑ ዓይነት ቤት ነው። መሬቱም አይራራም። ዋልካ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ላይ ላዩን ብቻ የተቆፈረ መሠረት አብሮት ይንቀሳቀሳል።

ላሊበላ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተዳፋት ላይ ያረፈች ከተማ ናት። የላይኛው ግቢ አሸንዳ ውሃውን የሚጥለው ታችኛው ጎረቤት መሠረት ላይ ነው፤ በሰፈር ከሚነሣው ጠብ ስንቱ ከዚህ እንደሚጀምር ግንበኞቻችን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11 አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ዋነኛ ጠላታቸው ውሃ ነው። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ዐለቱን ፈልፍለው የውሃ መውረጃ ቦይ አበጅተዋል። በመሆኑም ተቆጣጣሪ የግንቡን ቱንቢ ብቻ ለክቶ መሄድ የለበትም፤ የጎርፉን መንገድና የመጸዳጃ ጉድጓዱን ቦታም ማየት ይኖርበታል።

ብሎኬትና ሲሚንቶ ብቻ የሚያውቅ ተቆጣጣሪም አይበጀንም። የላስታን ክብ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት ኋላ ቀር ብሎ ማፍረስ ቀላል ነው፤ ድንጋዩ እንዴት እንደተቆላለፈ፣ ክዳኑ ግድግዳውን ከዝናብ እንዴት እንደሚጠብቅ መመርመር ግን ሙያ ይጠይቃል። በዚህ ረገድ ዕድሜ ጠገብ ግንበኞችን ሳያማክሩ ውሳኔ መስጠትን እንቃወማለን።

ተቆጣጣሪ የባለቤቱ ዐይን ነው። ከሥራ ተቋራጩ ገንዘብ ተቀብሎ የተቋራጩን ሥራ የሚመዝን አባል በማኅበራችን ቦታ አይኖረውም። ለብቻቸው መክፈል የማይችሉ ጎረቤታሞች በጋራ አንድ ባለሙያ እንዲይዙ እናበረታታለን፤ ማዘጋጃ ቤቱም የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ይህን አሠራር እንዲቀበል እንጠይቃለን።

ተቆጣጣሪው በእያንዳንዱ ደረጃ ያየውን፣ ጉድለቱንና ማስተካከያውን ባለቤቱ በሚገባው አማርኛ ጽፎና ፈርሞ ይስጥ። ያ ወረቀት በባለቤቱ እጅ ሳይገባ ለተቋራጩ ቀጣዩ ክፍያ እንዳይፈጸም እንጠይቃለን።