ጀርመንኛ የት የት ይነገራል? ቲቤትኛስ?

«ጀርመንኛ ብማር ከጀርመን ሌላ የት ይጠቅመኛል?» ይህን ጥያቄ የሦስተኛ አገር ጉዳያቸውን ከሚጠብቁ ወጣቶች ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ጀርመንኛ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በሊክተንስታይን የመንግሥት ቋንቋ ነው። በስዊዘርላንድና በሉክሰምበርግ ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር ይሠራበታል። በቤልጂየም ምሥራቃዊ ጫፍና በሰሜን ጣሊያን ደቡብ ቲሮል በሚባለው አካባቢም በሕግ የታወቀ ነው። እኛው አፍሪካ ውስጥ ደግሞ በናሚቢያ የሚናገሩት አሉ፤ ከ1884 እስከ 1915 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበረች። የሄሬሮና የናማ ሕዝብ የተጨፈጨፈውም በዚያው ዘመን ነው። ታንዛኒያንም ጀርመኖች ገዝተዋታል። ኬንያ ያላችሁ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤቱን «ሹሌ» ሲሉ የሚጠሩበት ቃል ከጀርመንኛ ወደ ስዋሂሊ የገባ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ዙሪክ የደረሰ ሰው መጀመሪያ መደንገጡ አይቀርም። ኮርስ ላይ የሚማረው የመጽሐፉን ጀርመንኛ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥና ገበያ ላይ የሚሰማው ግን የስዊዞቹን የራሳቸውን ነው። ከሰሜን ጀርመን የመጣ ሰው እንኳ እሱን ለመስማት ይቸገራል። ስለዚህ «ተምሬ ነበር፣ ምንም አልገባኝም» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ቲቤትኛን እዚህ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ለስደተኛ ሰው የእሱ ታሪክ ይቀርበዋል። ቲቤትኛ የሚናገረው ወደ 6 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ አብዛኛው ያለው ቻይና ውስጥ ነው፤ በቲቤት ራስ ገዝ ክልል ብቻ ሳይሆን በቺንግሃይ፣ በሲቹዋን፣ በጋንሱና በዩናንም ጭምር። የላሳ ሰውና የአምዶ ሰው በየራሳቸው አነጋገር ሲያወሩ በቀላሉ አይግባቡም። የሚያገናኛቸው ጽሑፉ ነው፤ ፊደላቸው ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው። የሥጋ ዘመዶቹም ብዙ ናቸው፦ የቡታን ብሔራዊ ቋንቋ ዞንግካ፣ የኔፓሎቹ ሼርፓ፣ በሕንድ የላዳክ፣ በፓኪስታን ደግሞ ሙስሊሞቹ የባልቲ ሰዎች የሚናገሩት።

በ1959 ዳላይ ላማ ወደ ሕንድ ሲሸሹ ወደ 80,000 የሚጠጋ ሰው ተከተላቸው። ከተራራ ብርድ የመጣው ሕዝብ በደቡብ ሕንድ ሙቀት፣ ካርናታካ ውስጥ ጫካ እየመነጠረ ሰፈረ። እኔን የሚገርመኝ ግን ትምህርት ቤቱን ነው። ድንኳን ውስጥ እያሉ ለልጆቻቸው የተለየ ትምህርት ቤት ጠየቁ፣ የሕንድ መንግሥትም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈቀደላቸው። ለብዙ ዓመት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ልጆቹ እየራቁ ሲሄዱ አይተው የመጀመሪያ ደረጃውን በቲቤትኛ አደረጉት። ከሦስቱም አውራጃ የመጡት አንድ ግቢ ውስጥ ሲያድጉ ደግሞ ሁሉም የሚግባባበት አንድ የስደት ቲቤትኛ ተፈጠረ። አሁን ከሕንድ ወደ ኒው ዮርክና ወደ ቶሮንቶ የሚሄደው በዝቷል፣ ከቲቤት የሚመጣው ደግሞ ከ2008 ወዲህ እጅግ ቀንሷል። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ወንበር እየተረፈ ነው።

አገር ቤት ያለውም አልቀለለውም። በየካቲት ወር 2023 የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የቲቤት ልጆች በቻይንኛ በሚያስተምሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች መግባታቸው እንዳሳሰባቸው ተናግረዋል። ቻይና ክሱን አትቀበለውም። ታሺ ዋንግቹክ የተባለው ነጋዴ ግን ልጆች በቋንቋቸው ይማሩ ብሎ ለኒው ዮርክ ታይምስ በመናገሩ አምስት ዓመት ታስሮ በ2021 ነው የወጣው።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገናኙት ስዊዘርላንድ ላይ ነው። በ1960ዎቹ የስዊዝ መንግሥት ቲቤታውያንን ተቀበለ፤ ሪኮን በምትባል መንደር በድስት ፋብሪካ የተቀጠሩት እዚያው ገዳም ተሠራላቸው፣ ቋንቋቸውም በማኅበራቸው ቆየ። በዚያው ጊዜ ከመቶ በላይ ሕፃናት ደግሞ ብቻቸውን ለስዊዝ ቤተሰቦች ተሰጥተው ነበር። ብዙዎቹ ወላጅ አልባ አልነበሩም፤ እናት ወይም አባት ሕንድ ውስጥ ነበራቸው። ዓመታት አልፈው ሲገናኙ ከእናቱ ጋር የሚያወራበት ቋንቋ ያጣ ልጅ ነበር። ሁለቱም ወገን የመጣው ከአንድ ስደት፣ ወደ አንድ አገር ነው።

«አማርኛ መንግሥት አለው፣ ሚሊዮኖች ይናገሩታል፣ አይጠፋም» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፣ አይጠፋም። ጀርመንኛም አልጠፋም። ግን በቮልጋ ወንዝ ዳር ይኖሩ የነበሩትን ጀርመኖች ተመልከቱ። በ1941 ስታሊን ወደ ሳይቤሪያና ካዛክስታን አጋዛቸው፣ ትምህርት ቤታቸውም ቀረ። የልጅ ልጆቻቸው በ1990ዎቹ ወደ ጀርመን ሲመለሱ ብዙዎቹ የሚያውቁት ሩሲያኛ ብቻ ነበር። ጀርመን ደግሞ ለመጪዎቹ የቋንቋ ፈተና አወጣች፤ አያቱ ጀርመን ነህ ተብሎ የተጋዘበት ሰው ጀርመንኛ አታውቅም ተብሎ ወደቀ። በአሜሪካ ያሉት አሚሾች በተቃራኒው፣ ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ቢማሩም በቤትና በጸሎት ቦታ የራሳቸውን ጀርመንኛ ስላልተዉ፣ ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ዛሬም የሚናገረው ቁጥር እየጨመረ ነው። ከጀርመን መንግሥት አንድ ሳንቲም አላገኙም።

ካኩማ ውስጥ ትምህርቱ የኬንያ ነው፣ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ። ይህን አልቃወምም፤ ልጁ ነገ የሚፈተነው በዚያ ነው። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወይም ዓርብ ከሰዓት፣ ፊደል ለማስቆጠር አንድ ሰዓትና አንድ ጥላ ያለበት ቦታ ይበቃል፤ የበጀት ጥያቄ አይደለም። ጀርመንኛ ልማር ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ታናሽ እህቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስሟን በእንግሊዝኛ አሳምራ ትጽፋለች። በአማርኛ ጻፊው ስላት ወንድሟን ዞር ብላ አየችው።