ከግንቡ ጀርባ ያለው ቤት



ባለፈው ዒድ ለዚያራ ድሬዳዋ ወርደን ሳለ አንድ ወዳጃችን እጃችንን ይዞ ወደ ደቻቱ ወንዝ ዳር ወሰደን። ሊገዛው ያሰበውን ቤት ሊያሳየን ነበር። ቤቱ መልካም ነው፤ ግቢው ሰፊ፣ ዋጋውም ከሌላው ሰፈር ቀለል ያለ። ገንዘቡ ግን የእርሱ ብቻ አይደለም። እህቱ ጂዳ ውስጥ በሰው ቤት ሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመችው ነው። «ጎርፉስ?» ብንለው በጣቱ ወደ ወንዙ አመለከተና «እሱማ ድሮ ቀረ፤ ግንብ ተሠርቷል እኮ» አለን። የዚህ ወር ጽሑፋችን ከዚህችው መልስ ተነሣ።

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የሌለው የአሸዋ ሜዳ ነው። ሰውና ግመል ይሻገሩበታል። ጎርፉ የሚመጣው ከተማው ላይ ከጣለው ዝናብ ይልቅ በስተ ደቡብ ካሉት ተራሮች ስለሆነ ሰማዩን አይቶ ማወቅ አይቻልም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሰው በተኛበት ደራሽ ውኃ ወርዶ ከ200 በላይ ነፍስ አጠፋ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ።

ግንቡ ጥቅም የለውም አንልም፤ ብዙ ጎርፍ ይመልሳል። ነገር ግን ማንኛውም ግንብ የሚሠራው ለታሰበ የውኃ መጠን ነው፤ ከዚያ የበለጠ ሲመጣ በላዩ ይሻገራል። ሳይሻገርም ሊወድቅ ይችላል፤ ውኃው መሠረቱን ይሰረስራል፣ በሥሩ ሰርጎም አፈሩን ጠርጎ ይወጣል። ደግሞ ከሰፈሩ ወደ ወንዙ መውረድ የነበረበት የዝናብ ውኃ፣ ቱቦው በቆሻሻ ሲደፈን፣ በዚያው ግንብ ታግዶ በጓሮ በኩል ቤት ይገባል። ከሁሉ የከፋው ግን የሰው ልብ ነው። ግንብ ሲቆም ሰው ይቀርባል፤ ቤትም ሱቅም ይበዛል፤ አንድ ቀን ግንቡ ቢሰበር ጉዳቱ ግንብ ካልነበረበት ጊዜ ይብሳል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካ ውስጥ ኒው ኦርሊንስን ሲመታ 80 በመቶ ያህሉ የከተማዋ ክፍል በውኃ ተዋጠ። ከፈረሱት የቦይ ግንቦች አንዳንዶቹ የተደረመሱት ውኃው ገና ጫፋቸው ሳይደርስ ነበር። ብዙ ባለቤቶች የቤት መድን ይዘው ነበር፤ ሆኖም በዚያ አገር ተራው የቤት መድን ጎርፍን አይሸፍንም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1968 ያቋቋመው የጎርፍ መድን ለብቻው ይገዛል፤ እሱም እንደ ደንቡ 30 ቀን ካልሞላው አይሠራም። ደመና አይቶ የሮጠ አይደርስበትም።

በመምህርነታችን ለወዳጃችን ወረቀት አውጥተን ሒሳብ ሠራንለት። ባለሙያዎች «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲሉ በመቶ ዓመት አንዴ መጥቶ ያርፋል ማለታቸው አይደለም፤ በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለታቸው ነው። በአንድ ዓመት የማምለጥ ዕድላችን 99 ከመቶ ነው። ይህን ሠላሳ ጊዜ በራሱ ብናባዛው 74 ከመቶ ያህል ይቀረናል። እንግዲህ ልጅ ተወልዶ ጎልማሳ እስኪሆን በዚያ ቤት የሚኖር ቤተሰብ፣ ከአራት አንድ በሚበልጥ ዕድል ያንን ጎርፍ ያያል። ወዳጃችን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

መድንን ስናነሣበት «ሐራም አይደለም ወይ?» አለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ጂዳ ላይ ቋሚ ክፍያ ያለውን የንግድ መድን ገረር ስላለበት አልፈቀደውም፤ በምትኩ በመተጋገዝ ላይ የቆመውን አመለከተ። ተካፉል የምንለው ይህንኑ ነው፤ አባላት በተበሩዕ ያዋጣሉ፤ የተጎዳው ከዚያ ይካሳል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም እ.ኤ.አ. በ2020 የተካፉል መመሪያ አውጥቷል። ለቀብር ዕድር የሚያዋጣ ሕዝብ ይህ አሠራር ሊከብደው አይገባም! ዝርዝሩን ዓሊሞችን መጠየቅ ይበጃል።

ውሉ በየትኛውም መልክ ይሁን፣ ከመፈረም በፊት ማንበብ ነው። የቤት መድን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከእሳትና ከመብረቅ ነው፤ ጎርፍ ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚታከል ነው። «ጎርፍ» የሚለው ቃል የት እንደተጻፈ በጣት አሳዩን እንበል። የሚሸፍነው ቤቱን ብቻ ነው ወይስ ዕቃውንም? ባለቤቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ስንት ነው? የተጻፈው የቤቱ ዋጋ ዛሬ መልሶ ለመሥራት ይበቃል? የግመሏን ሐዲስ ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን፤ ገመድ የሚገዛው ግን ጥቂቱ ነው።

ስንመለስ ከጎረቤት ደጃፍ የተቀመጡ አንዲት አዛውንት አገኘንና በ1998 ውኃው የት ድረስ እንደነበር ጠየቅናቸው። ተነሥተው እጃቸውን ግድግዳው ላይ ከደረታቸው ትይዩ አኖሩት። «እስከዚህ ነው ልጆቼ» አሉ። ወዳጃችን ቤቱን ሦስት ጊዜ ሲያይ ይህን አልጠየቀም ነበር።

ማታ ለእህቱ ደውሎ ሁሉንም ነገራት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «ሌሊት ውኃ ቢመጣ ልጆቹ በየት በኩል ጣራ ላይ ይወጣሉ?» አለችው። ወዳጃችን መልስ አልነበረውም። በማግስቱ ማለዳ አብረን ሄደን ቤቱን ዞርነው። ደረጃ የለውም።