25 ሺህ ወንበርና አንድ ፊሽካ

ሰሜን ወሎ ስታዲየም አላጣም። ጥር 2009 ወልድያ ላይ በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተመረቀው ስታዲየም ከግማሽ ቢሊዮን ብር በላይ ፈጅቷል፤ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። ሪቫኑ ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። በዓመቱ፣ በ2010፣ የከተማዋ ክለብ ከፕሪምየር ሊግ ወረደ።

ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲኬድ መንገድ ላይ ያለችው ጎብዬስ? የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቿ ከዚያ ሁሉ ወንበር ምን ደረሳቸው?

ስፖርት የሚጀምረው ከወንበር ነው ብሎ ማመን የባለሥልጣኖቻችን የቆየ በሽታ ነው። የበቆጂን ታሪክ እየተረኩ የበቆጂን ሥራ አይሠሩም። ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን በልጅነታቸው ያሠለጠነው ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። ደራርቱ በ1984 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስትወስድ በቆጂ ውስጥ 25 ሺህ ወንበር አልነበረም።

«በቆጂ ደጋ ነው፤ የራያ ቆላ ሯጭ አያወጣም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን የቆቦ ሜዳ ወደ 1,500 ይወርዳል። ግን ሩጫ ሁሉ 10 ሺህ ሜትር ነው ያለው ማነው? ኢትዮጵያ ከ800 ሜትር ባጠረ ርቀት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አግኝታ አታውቅም። ጃማይካ ቆላ ናት፤ ሙቀቷም የራያን ያስንቃል። ዩሴን ቦልት የተገኘው ትሬላውኒ በሚባል ገጠር፣ ዊሊያም ኒብ ከተባለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ልጁ ልቡ ክሪኬት ላይ ነበር፤ ፍጥነቱን አይተው ወደ መሮጫው የመለሱት የትምህርት ቤቱ አሠልጣኞች ናቸው። አገሪቱ የትምህርት ቤቶችን የአትሌቲክስ ውድድር ማካሄድ የጀመረችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ!

ሌላው ሙግት የባሰ ነው፦ «ፈተና የሚያልፍ በጠፋበት ስለ ሩጫ ይወራል?» በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነው፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ታዲያ የስፖርት ክፍለ ጊዜን ለማካካሻ እየነጠቁ የተገኘው ውጤት ይህ ነው? ጦርነት ሁለት ጊዜ ያለፈበት፣ ክፍሉ የተዘረፈ፣ ዛሬም መማሩ በሰላሙ ሁኔታ ላይ የተንጠለጠለ ልጅ ጠዋት ተነስቶ ትምህርት ቤት የሚሄድበት አንድ የሚወደው ነገር ያስፈልገዋል። ለአንዱ ፊዚክስ ነው፤ ለሌላው ኳስ ወይም ሩጫ። ያ ሌላኛው ትምህርቱን ሲያቋርጥ ማንም አይጠይቅም፤ ወይ ማሽላ ጥበቃ ይገባል፣ ወይ በየመን በኩል ሳውዲ ለመግባት ይነሳል።

«ትምህርት ለትውልድ» ተብሎ ከሕዝብ ገንዘብ ሲሰበሰብ ግንብና ቀለም ይቅደም ይባላል፤ ይሁን። የመሮጫ መስመር ግን በኖራ ይሰመራል። የሚያስፈልገው ሰዓቱ የማይነጠቅ አንድ የስፖርት መምህር፣ ፊሽካ፣ የሩጫ ሰዓትና የጎብዬ፣ የሮቢትና የቆቦ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ የሚገናኙበት ውድድር ነው። ፍጻሜው ወልድያ ይሁን፤ ስታዲየሙ እንደሆነ እዚያው አለ።