ፈሳሹን ፈርቶ ተኑን መናቅ

ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ከሚሴ የሚጓዝ መንገደኛ ሐርቡ ሲደርስ አስቀድሞ የሚቀበለው የቆላው ሙቀት ነው፤ ቀጥሎም በአገራችን መንገድ ዳር ከተሞች ሁሉ እንደተለመደው፣ ነዳጅ ከማደያ በጠፋ ጊዜ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚቸረቸር ቤንዚንን፣ በብየዳ ቤት ደጅም ለምድጃ ወይም ለበር ሊቆረጥ ተራውን የሚጠብቅ ባዶ በርሜልን ያያል። የምወቅሰው ቸርቻሪውን ወይም በያጁን አይደለም፤ ከሊቅ እስከ ደቂቅ ሁላችን የተስማማንበትን ፍርድ ነው እንጂ፤ ይኸውም የሚቃጠል ፈሳሽ አደጋው በብዛቱ ይለካል፣ ብዙ ሲሆን ያስፈራል፣ ጥቂት ሲሆን ይናቃል፣ ሲያልቅም አደጋው አብሮት ያልቃል የሚለው ፍርድ ነው።

ፈሳሹ ራሱ ግን አይነድም፤ የሚነደው ከገጹ ተነሥቶ ከአየር ጋር የተዋሐደው፣ በዓይን የማይታየው ረቂቅ ተን ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እሳትን፣ ነፋስን፣ ውሃንና መሬትን አራቱ ባሕርያት ብለው ሲያስተምሩ የእያንዳንዱን ጠባይ ለይተው ነው፤ እኛ ግን ቤንዚን ስለፈሰሰና ስለተቀዳ ከውሃ ወገን ቆጠርነው፤ እሳቱን የሚቀበለው ከነፋስ ወገን የሆነው ክፍሉ መሆኑን ዘነጋን። ይህም ተን ከአየር ሦስትና አራት እጅ ስለሚከብድ ሽቅብ በንኖ አይጠፋም፤ በወለል ላይ ተነጥፎ ወደ ጎድጓዳው እየተሳበ፣ ከተቀዳበት ስፍራ ርቆ ካለ ከሰል ምድጃ ሊደርስና እሳቱን ይዞ ወደ መጣበት ሊመለስ ይችላል።

በርሜሉን ቀረብ ብለን እንመርምረው። የቤንዚን ተን የሚነደው በአየሩ ውስጥ ያለው ድርሻ በመቶ ከ1.4 እስከ 7.6 እጅ ገደማ ሲሆን ነው፤ ከዚህ ካነሰ አይያያዝም፣ ከዚህ ከበዛም አየር አንሶት ይታፈናል። እንግዲህ 200 ሊትር የሚይዘውን በርሜል ወደ ፈንጂነት ለመለወጥ በስፌቱና በዝገቱ ውስጥ የቀረ፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የማይበልጥ ቤንዚን ይበቃል። በሞቃት ቀን ግን ገና ብዙ ቤንዚን ባለበት በርሜል ውስጥ ተኑ ከልኩ አልፎ ስለሚጨናነቅ፣ በአፉ ላይ ከሚነሣው ቃጠሎ በቀር፣ በውስጡ ፍንዳታ ለመነሣት አይመችም። ስለዚህ ሙሉውን ፈርተን በባዶው ላይ ግራይንደር የምናሳርፍ ሰዎች ፍርዱን ገልብጠነዋል። በያጁ በርሜሉን በኦሞ አጥቦ፣ አፉን ከፍቶ ለፀሐይ አስጥቶ፣ አሽትቶም «ሽታው ጠፍቷል» ይላል፤ አፍንጫ ግን ሽታን ቶሎ የሚላመድ ዳኛ ነው። «የናፍጣ ስለ ሆነ አይፈነዳም» የሚለውም ስሕተቱ ያው ነው፤ ቀዝቅዞ የተኛውን የናፍጣ ዝቃጭ የመቁረጫው ግለት ራሱ ወደ ተን ይለውጠዋልና።

ይህ ነቀፌታ ግን በብየዳ ቤት ደጅ ላይ ብቻ እንዲቀር አልፈቅድም፤ የተማረው ሰው በወረቀት የሚሠራው ስሕተት ከዚህ የተለየ አይደለምና። የፈሳሽ አደጋ የሚመዘንበት ዋናው ልክ ተኑ ከእሳት ጋር ብልጭ ለማለት የሚበቃበት ዝቅተኛ ሙቀት ነው፤ እንግሊዞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1879 ባወጡት የፔትሮሊየም ሕግ ኬሚስቱ ኤብል በሠራው መሣሪያ እየፈተኑ 73 ዲግሪ ፋራናይትን ወሰን አደረጉ፤ እርሱም ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ገደማ፣ በቀለም ማቅጠኛው ቲነር ውስጥ የሚገባው ቶሉዊን በ4 ዲግሪ፣ ላምባም ከ38 ዲግሪ ጀምሮ ብልጭ ይላሉ። በዕቃው የደኅንነት ሰነድ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት የተሰላ ነው። ግፊቱ በቀነሰ መጠን አየሩ ሳስቶ የተኑ ድርሻ በውስጡ ስለሚበዛ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሐርቡ ቁጥሩ በ4 ዲግሪ ያህል፣ 2,500 ሜትር ገደማ በሆነው በደሴ ደግሞ ከ6 ዲግሪ በላይ ዝቅ ይላል። በደሴ ብርድ ያለ ሥጋት የተቀመጠው የላምባ ጀሪካን ወደ ሐርቡ ወርዶ በፀሐይ ሲውል፣ 38 የተባለው ወሰን 34 ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ጥቂት ቤንዚን ከተቀላቀለበትማ ወሰኑ ከዚያም እጅግ ያሽቆለቁላል። ይህን ሳያሰላ «ሰነዱ ደኅና ነው ይላል» ብሎ የሚፈርም ባለሙያ ከሚያሸትተው በያጅ በምን ይሻላል?

«ስንት ዘመን ስንሠራው ምን ሆንን?» የሚል መልስ ይሰጠኛል። በሰኔ 2009 ዓ.ም. በፓኪስታን በአሕመድፑር ምሥራቅ፣ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. በታንዛኒያ በሞሮጎሮ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሴራሊዮን በፍሪታውን አደጋ ከደረሰበት ቦቴ የሚፈሰውን ቤንዚን ለመቅዳት ሕዝብ በተሰበሰበበት እሳት ተነሥቶ፣ በመጀመሪያው ከ200 በላይ፣ በሌሎቹ ሁለቱም በእያንዳንዳቸው 100 ያህልና ከዚያ በላይ ሰው አልቋል። ቤንዚን እንደሚነድ ከእነርሱ መካከል ያላወቀ አልነበረም፤ የከበባቸውን ተን ግን ማንም አላሳያቸውም።

በሐርቡም ሆነ በኮምቦልቻ በርሜል የሚቆርጥ ሰው አስቀድሞ እስከ መቁረጫው መሥመር ድረስ ውሃ ቢሞላው፣ ለተኑ የሚተርፈው ስፍራ እጅግ ይጠባል፤ ከላይ ለቀረው ጥቂት ክፍተትም አፉን ክፍት ይተውለት። ላምባና ቲነር የሚያከፋፍል ነጋዴም ከፋብሪካው ቁጥር አጠገብ ዕቃው ለሚሸጥበት ከተማ ከፍታ የታረመውን ቁጥር በአማርኛ ይጻፍበት፤ ስሌቱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ይህን እንዲያደርግ ማስገደድም ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ግዴታ ነው።